የሰርቨሩ ጩኸትና የአንዱዓለም ማተብ

ወይዘሮ አማረችን «ይቀመጡ» ያላቸው ሰው አልነበረም። የልጃቸውን ሬሳ ለመውሰድ ከትክል ድንጋይ የመጡ እናት መሆናቸውን እያወቁ፣ ማራኪ ሰፈር ያለው የሕክምና ምርመራ ማዕከል ሰዎች ከበሩ ሥር እንደ ጆንያ አቁመዋቸው በላያቸው ላይ ያወሩ ነበር። የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ጆሮም ያልተፈጠረለት ይመስለዋል።

«ራሱን ነው ያጠፋው» ይላል አንዱ።

«ያውም ማተቡን በጥሶ» ይላል ሌላው።

ያቺ ቃል ናት አንጀታቸውን የቆረጠችው። የደብራቸው አስተዳዳሪ ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ አብረዋቸው መጥተው ነበርና፣ ይህን እንደ ሰሙ ወደ አገር ቤት ደውለው «መቃብሩ አይቆፈር፤ ማተቡን በጥሶ ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም» ብለዋል። አንዱዓለም እንደ ከብት በድን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሊጣል ነው። ልጅ አንዴ ሲሞት ይለቀሳል፤ ሁለቴ ሲገድሉት ምን ይባላል?

«ልጄ ራሱን አላጠፋም!» አሉ ወይዘሮ አማረች።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ ሙሉቀን ከንፈሩን መጠጠ። «እናት አይደሉ? ሌላ ምን ይበሉ።»

«ከንፈርህን ለገዛ እናትህ ምጠጥላት! እኔ ፍርድ እንጂ ምጥጫ አልለመንሁም።»

ይህን የሰማችው መርማሪ፣ ኢንስፔክተር የትነበርሽ፣ ልጁ ከሞተበት ከሰርቨሩ ክፍል ብቅ አለች። ቀጠን ያለች፣ ንግግሯን የምትቆጥብ ሴት ናት። «እናቴ፣ ወዲህ ይግቡ» አለቻቸው።

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ተነሥቷል። ጠባቡ ክፍል ውስጥ ሰርቨር የሚሉት ቁም ሣጥን የሚያህል መሣሪያ አረንጓዴ መብራቶቹን እያበራ ያጉረመርማል። ከጀርባው የተቃጠለ ሶኬት ከግድግዳው ወጥቶ ሽቦው ተንጠልጥሏል። የመሣሪያው ጠጋኝ አንዱዓለም ያንን ሽቦ እንደ ጨበጠ ነው የተገኘው። ያገኘችውም የእንግዳ መቀበያዋ ሶሊያና ናት፤ ዓይኗ በልቅሶ ብዛት ቀልቷል።

«ለእናቱ በሚገባቸው አስረጃቸው» አለቻት የትነበርሽ።

«እማማ፣ የሕመምተኛው ሁሉ ውጤት የሚቀመጠው እዚህ ውስጥ፣ ዲስክ ላይ ነው። ዲስክ ይሞቃል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። አንዱዓለም ጧት ጧት ሙቀቱንና ጤናውን ያይለት ነበር። መብራት የሚያቀብሉት ደግሞ ሁለት ፓወር ሰፕላዮች ናቸው፤ በሁለት መስመር። አንዱ መስመር ሲቋረጥ በሌላው ይቆማል፤ ግን ይጮኻል። ግቢው እስኪደነቁር ይጮኻል።»

«ዛሬስ ጮኸ?» አለች የትነበርሽ።

«ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። ሕመምተኞች ከበውኝ ስለነበር እፎይ ብዬ ሥራዬን ቀጠልሁ። ኋላ ውጤት ልጠይቀው ብመጣ… ወድቋል። ማተቡ እግሩ ሥር ነበር።»

«የመሣሪያው መብራቶችስ?»

«እንዳሁኑ ነበሩ። ሁሉም አረንጓዴ።»

የትነበርሽ ጥቁር ክር ከነመስቀሉ አወጣች። ወይዘሮ አማረች ተቀብለው ቋጠሮዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ።

«የማን ቋጠሮ ነው?» አለቻቸው።

«ይቺኛዋ የእኔ ናት፤ ፈትዬ ያሰርሁለት እኔ ነኝ። ይቺ ሁለተኛዋ ግን የእኔ አይደለችም።»

የትነበርሽ ክሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሙሉቀንን አስጠራች።

«አቶ ሙሉቀን፣ ጩኸቱን ሰምተዋል?»

«ሰምቼ ገባሁ። ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። ባለፈው ሳምንት ዲስኮቹ ሞተው የስንት ሰው ውጤት ጠፋ፤ ‹በእኔ ጥፋት ነው› ይላል። ማተቡን በእጁ ይዟል። አጽናናሁትና የጩኸቱን ማጥፊያ ተጭኜ ወጣሁ። ምነው እግሬን በሰበረው!»

«ማጥፊያው የቱ ነው?»

«እዚያው ፊቱ ላይ ያለችው ቁልፍ። ሁላችንም የምንጫናት።»

ቀጥሎ ዘበኛው አያ ማሩ ተጠየቁ።

«አያ ማሩ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን የመብራት ማከፋፈያ ነክተዋል?»

«እኔ? ማርያምን! ዛሬ ከበሩ አልተነሣሁም፤ ተራ ጠባቂው ሁሉ ምስክሬ ነው። ዱሮ አንድ ቀን መብራት የጠፋ መስሎኝ እጀታውን ባነሣ፣ ያ ልጅ ውስጥ ሽቦ ይዞ ኖሮ ሊበላኝ ነበር። ‹አትንኩ› ብሎ ወረቀት ይለጥፋል፤ ማን ያነባል? ‹እንግዲያስ ሰው የማይደፍረውን አስርበታለሁ› አለኝ።»

የትነበርሽ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ፣ ከማከፋፈያው ሳጥን ፊት ሰበሰበቻቸው። ቄሱንም ጠራች። የሳጥኑ እጀታ ቀይ ነው፤ ቀለሙ ተላልጧል።

«ማተቡ አልተበጠሰም፤ በስለት ተቆርጧል» አለች። «የተቆረጡትን ጫፎች ሳገጥማቸው፣ ሁለተኛዋ ቋጠሮ አውራ ጣት የማያሳልፍ ቀለበት ትሠራለች። ለአንገት አይሆንም። ለዚህ እጀታ ግን ልኩ ነው፤ ክሩም ቀይ ቀለም ይዟል። አንዱዓለም ሶኬቱን ሊጠግን የአንዱን መስመር መብራት እዚህ አጠፋ። ክርስቲያን ሁሉ የሚያከብረውን ማተብ ከአንገቱ አውልቆ እጀታው ላይ አሰረ። ሰርቨሩ በሌላው መስመር ቆሞ መጮኽ ጀመረ።»

ቄስ ተክለ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ጨበጥ አደረጉ።

«ሊሞት የፈለገ ሰው መብራት አያጠፋም» ስትል ቀጠለች የትነበርሽ፤ « ነፍሱንም ለማተቡ አደራ አይሰጥም። ያ ጩኸት ቆመ። ምን አስቆመው?»

«እኔ ነኝ አልሁ እኮ» አለ ሙሉቀን። «ማጥፊያውን ተጫንሁ።»

ሶሊያና ቀና አለች። «ጋሽ ሙሉቀን… ማጥፊያው እኮ አይሠራም። እየተጫንን ብልሽቱን ስለምንረሳ አንዱዓለም የቁልፉን ሽቦ ነቀለው። ያን ጊዜ እርስዎ እነዚያን የሞቱትን ዲስኮች ሊገዙ አዲስ አበባ ሄደው ነበር።»

«እኔም ሞክሬዋለሁ» አለች የትነበርሽ። «ጩኸቱን የሚያስቆመው የተቋረጠው መብራት መመለሱ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ የሚያደርገውም እሱ ነው። ሶሊያና በሕመምተኞች ተከባ ነበር፤ አያ ማሩ በር ላይ። እዚህ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ማተቡን ቆርጠው እጀታውን አነሡ፤ የተመለሰው መብራት ሽቦ እንደ ያዘ ገደለው፤ ክሩንም እግሩ ሥር ጣሉት። ሰው ክሩን ሲያይ ሌላ እንደማይጠይቅ ያውቃሉ።»

«ለምን ብዬ?»

«‹አዲስ› ብለው ባመጧቸው ዲስኮች ምክንያት። ዲስክ ስንት ዘመን እንደ ሠራ ራሱ ይናገራል።»

«የበሬን ዕድሜ በጥርሱ እንደምናየው» አሉ ወይዘሮ አማረች።

«ልክ ነው፣ እናቴ። እነዚህ ሌላ ቦታ ለዓመታት ሠርተው ያረጁ ናቸው። የሞቱት በልጅዎ ቸልታ አይደለም። እሱ ደርሶበት ነበር።»

ሙሉቀን ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ለማዕከሉ ባለቤት እነግራለሁ አለኝ» አለ፤ ድምፁ በጭንቅ ይሰማል። «ለምኜው ነበር… እምቢ አለኝ።»

ፖሊሶቹ ሲያነሡት ወይዘሮ አማረች አላዩትም። እሱን ሕግ ያየዋል። ዞረው ከቄሱ ፊት ቆሙ።

«አባ፣ ሰምተዋል?»

«ሰማሁ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። እንግዲህ ፍትሐቱ…»

«ቆይ፣ አባ። ልጄን ማተብ በጣሽ ያሉት በስልክ ነው፤ ይህን ግን በስልክ አይመልሱትም። አሁን ማኪና ይያዙና ይቅደሙኝ። ደወል አስደውለው ሕዝቡን ይሰብስቡ። በዚያው አፍዎ ‹ተሳስቻለሁ፣ ልጁ በማተቡ ሞተ› ይበሉ። ጉድጓዱን ከአባቱ አጠገብ ያስቆፍሩ፤ የመጀመሪያውንም አፈር እርስዎ ራስዎ ያንሡ። እኔ ሬሳውን ይዤ ስደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ እንዳገኘው።»