ስልሳ ሁለተኛዋ ሴት

ሰውየው ዘግይቷል።

አራት ደቂቃ። በዚህ ሥራ አራት ደቂቃ ብዙ ነው።

ሩት ሐረር ሸዋ በር ላይ ከአትክልት ሻጮቹ ጎን ቆማ ቲማቲም ታገላብጣለች። ቲማቲም አያስፈልጋትም። ሩትም ስሟ አይደለም። በግራ እጇ በያዘችው ፌስታል ውስጥ፣ በሁለት ፓኬት መኮረኒ መሀል፣ አንዲት ፍላሽ አለች። ከኋላዋ የድሬዳዋ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው ቀረኝ! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። መኪናው ውስጥ ግን ያሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«እህት፣ መኮረኒውን ከየት ገዛሽው?»

የይለፍ ቃሉ ነው። ዞር አላለችም።

«ከአቦከር። አልቋል።»

«ትርፍ ካለሽ ብዬ ነው።»

ኪሩቤል ይባላል፤ ወይም እንዲህ በሉኝ ብሏል። ጫማው የሸዋ በርን ጭቃ ገና አልተዋወቀውም። ሩት ፌስታሉን አቀበለችው፣ ዓይኗን ወደ መንገዱ ማዶ ላከች።

ከስምንት ወር በፊት መሥሪያ ቤቷ ወደ ሐረር ሲልካት ትእዛዙ አጭር ነበር። ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ጥናት የድምፅ ቅጂ ሊገዛ የሚፈልግ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነና ለምን እንደፈለገው እወቂ። ጥናቱን ሦስት የትምህርት ክፍሎች በጋራ ይዘውታል። የፊዚክሱ ዶክተር ኤልሳዕ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠል መሣሪያ ሠራ፤ የቤት ውስጥ ጭስ ትለካለች፣ ሳል ትቆጥራለች። ሐኪሞቹ ሳንባ ይመረምራሉ። የሥርዓተ ፆታ ተመራማሪዎቹ ደግሞ ጭስ ውስጥ ስንት ሰዓት ማን እንደሚውል፣ ሰው ሲታመም ማን እንደሚያስታምም ይጠይቃሉ። ሴቶቹ መሣሪያዋን «ሳል ቆጣሪ» አሏት። ሳል ለመቁጠር ድምፅ መቅዳት ግድ ነው። እንግዲህ የመቶ ሃያ ሴቶች የጓዳ ወሬ አብሮ ተቀድቷል ማለት ነው።

ሩት መረጃ ሰብሳቢ ሆና ገባች። በሰባተኛው ወር ምክንያቱን አገኘችው። ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። ዮዲ የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ በሌላ ስም ጥናቱ ውስጥ ተመዝግባለች። ልጃገረዶችን በበረሃ እያሻገሩ የሚሸጡትን ደላሎች ፊት ለፊት አይታለች፣ ከእጃቸው አምልጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ፍርድ ቤት ቆማ ትመሰክርባቸዋለች።

እስከዚያ ከቆየች።

የዛሬው እቅድ ቀላል ነበር። ፍላሿ ውስጥ ያለው የዶሮ ጩኸት ነው። ኪሩቤል ሲቀበላት የአለቃዋ የአቶ ለገሠ ሰዎች ከመንገዱ ማዶ መጥተው ይይዙታል። የለገሠ የምስጢር ስም «ገበሬው» ነው። የእሷ «እንዝርት»።

ማንም አልመጣም።

«የስልሳ ሁለት ቁጥር ድምፅ አለበት?» አለ ኪሩቤል።

እጇ ላይ የነበረው ቲማቲም ፈረጠ።

ስልሳ ሁለትን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ቁጥሩም ውሸት ነው። ጥናቱ ሲጀመር መረጃ ሰብሳቢዎቹ በሙሉ የማንንም ቁጥር ላያወጡ በሴቶቹ ፊት ምለዋል። ሩት የማለችው በሐሰት ስም፣ በሐሰት መታወቂያና በሐሰት ዲግሪ ነበር። መሐላው ግን እንደ እውነተኛ ሰው ያዛት። ስለዚህ ለገሠ በስልክ «ልጅቷ ስንት ቁጥር ናት?» ሲላት «ስልሳ ሁለት» አለችው። ስልሳ ሁለት የነበረችው ሴት ጥናቱን አቋርጣ ድሬዳዋ ገብታለች፣ በዩኒቨርሲቲው ደንብ ደግሞ ያቋረጠ ሰው ቁጥር ባዶ ይቀራል። ማንንም አልጎዳም ብላ ነው የመረጠችው።

እና ያ ቁጥር አሁን ከኪሩቤል አፍ ወጣ።

ገበሬው ሸጧታል።

«ማዶ ማዶ አትዪ» አለ ኪሩቤል። «የሚመጣልሽ ሰው የለም። ገበሬው ሰላም ብሎሻል። ይልቅ ፈገግ በይ፣ ፎቶ እየተነሳሽ ነው።»

ከሚኒባሱ ኋላ አንድ ጎረምሳ ስልኩን ደግኖባታል።

«ከዛሬ ጀምሮ የሴቶቹን ገበና የሸጠችው ሩት ናት። ዝም ካልሽ ግን ፎቶውም ዝም ይላል።»

የገዛኸው ባዶ ቁጥር ነው የኔ ጌታ፣ አለች በሆዷ። ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም።

«ለነገሩ ድምፁም ብዙ አያስፈልገንም» ብሎ ቀጠለ። «ዝርዝሩን ገበሬው በደብዳቤ አስወጥቶታል። ስልሳ ሁለት፣ ኤረር በር አጠገብ፣ አረንጓዴ በር። ሰዎቹ መንገድ ላይ ናቸው።»

አረንጓዴው በር የእማማ ናፊያ ቤት ነው።

ዮዲን ከሳምንት በፊት፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትል፣ እዚያ ቤት የደበቀቻት ሩት ራሷ ናት።

ክንዷን ያዛት። ጠበቅ አድርጎ። ሩት ምን ታድርግ? አሳለች። ጎንበስ ብላ፣ ከሆዷ፣ ሳንባዋ የወጣ እስኪመስል አሳለች።

«ወይኔ ሩትዬ! አንቺንም ጀመረሽ?»

ሽንኩርት ሻጯ ተነሳች። አንገቷ ላይ ሳል ቆጣሪ አለ። ከአጠገቧ ሁለት፣ ከወዲያ ሌላ ሦስት መጡ። ሐረር ላይ ሰላምታ በዋዛ አያልቅም፤ የእናት ጤና አለ፣ የልጅ ጤና አለ፣ የሳንባ ውጤት አለ።

«ይኼስ ማነው? እጮኛሽ ነው እንዴ?»

«ሽማግሌ ሊልክ ነው» አለች ሩት። «እስቲ ዘሩን ጠይቁልኝ።»

ስድስት ሴቶች ዙሪያውን ከበቡት። «የማን ልጅ ነህ? ሥራህስ? ጎንደሬ ነህ ወይስ የሸዋ?» ኪሩቤል እጁን ለሰላምታ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የሰጠው እጅ ደግሞ የሩትን ክንድ የያዘው ነበር።

ሮጠች።

በሸዋ በር ወደ ግንቡ ውስጥ ገባች። ከበሩ ወዲያ ሐረር ጠባብ ናት። ግራና ቀኝ ግንብ፣ ከፊት ግንብ፣ መታጠፊያ፣ እንደገና ግንብ። መኪና አይገባም፤ ሰዎቹ የከተማውን ግንብ ዞረው ነው የሚመጡት። ይህ አምስት ደቂቃ ይሰጣታል። አንድ አህያ ጭነቱን ይዞ መተላለፊያውን ሲዘጋባት በግድግዳውና በጭነቱ መሀል ተፋቃ አለፈች። ስምንት ወር የተመላለሰችበት መንገድ ዛሬ እየጠበበ የሄደ መሰላት። ወጥመድ ውስጥ እየገባች እንደሆነ ታውቃለች። ግን ሌላ መንገድ የለም።

ናፊያ ስልሳ ዓመታቸው ነው። የሰፈሩ የሴቶች አፎቻ፣ የሠርግና የለቅሶ ማኅበሩ ማለት ነው፣ አለቃ ናቸው። ሩትን ለሴቶቹ ያስተዋወቁት፣ «ልጄ ናት፣ እኔ ዋስ ነኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ስልሳ ሁለት ቁጥር ማነው?»

«እኔ ነኛ» አሉ አንገታቸው ላይ ያለችውን ሳል ቆጣሪ እያሳዩ። «ያቺ ሴትዮ ጥላ ስትሄድ ቦታዋ ክፍት ቀረ። እኛ አፎቻ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ክፍት ቦታ መተው ነውር ነው። ከሦስት ቀን በፊት ለኤልሳዕ ነገርኩት፣ እሺ ብሎ ጻፈኝ። ምነው? ያ ረቢ፣ ፊትሽ ምን ሆነ?»

ሩት መሬት ብትውጣት ደስ ባላት። ደንቡን ታውቃለች። እነዚህን ሴቶችም አውቃለሁ ትል ነበር። የምትጠብቃትን ልጅ በገዛ ውሸቷ አሳልፋ ሰጥታለች።

ባጭሩ ነገረቻቸው። ናፊያ አልጮኹም። ወደ ኪርታቷ ብቻ አዩ። ድሮ አዲስ ሙሽራ የምትቀመጥባት ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮት የላትም፣ በሯ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ዮዲ ቆማለች።

«መጡ?» አለች።

የውጭው በር ተደበደበ።

ቤቱ አንድ በር ነው ያለው። ግንቡ ከሦስት ወገን የጎረቤት ነው። ሩት ሰዓቷን አየች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ከዚያ የናፊያን አንገት አየች።

ሳል ቆጣሪዋ በየሰዓቱ የቀዳችውን በስልክ መስመር ወደ ዩኒቨርሲቲው ትልካለች፤ ስትልክ አረንጓዴ መብራቷ ሦስት ጊዜ ብልጭ ይላል። እዚያ የእያንዳንዱን ሰዓት ድምፅ ሁለት ተማሪዎች ለየብቻ ያዳምጣሉ፤ ቆጠራው እንዳይሳሳት አንዱ ሌላውን አያውቅም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ይህ ቤት ውስጥ የተባለው ሁሉ ከዚህ ቤት ወጥቶ ይሄዳል።

አሥራ አምስት ደቂቃ።

«እማማ፣ ድምፁ ለሳል ብቻ ነው ብለን ምለናል። አሁን ለሌላ ልጠቀምበት ነው። ከሰሙ ሴቶቹ ዳግመኛ አያምኑንም። ጥናቱም ያበቃለታል።»

ናፊያ መጋረጃውን አዩ። «ልጅቷ ትበልጣለች» አሉ፤ ሳል ቆጣሪዋን ሻርፓቸው ስር ሸሸጉ፣ ሄደው በሩን ከፈቱ።

የገባው ለገሠ ራሱ ነበር። ሁለት ሰዎች ግቢው ውስጥ ቀሩ። ጫማውን አላወለቀም። ከፍ ያለውን መደብ፣ ነደባውን ወጣና ከሁሉም የሚከበረው ቦታ ላይ፣ የቤቱ አባወራ ብቻ የሚቀመጥበት ላይ፣ ተደላደለ። ናፊያ ጫማውን አዩት።

«ልጄ» አለ ለገሠ። ድምፁ እንደ ወትሮው የአባት ነበር። ሩትን የጎዳት ይኼ ነው። «ሮጠሽ እዚህ ባትመጪ ልጅቷ እዚህ መሆኗን እጠራጠር ነበር። አሁን ግን አረጋገጥሽልኝ።»

«ጋሼ ለገሠ፣ አሥር ዓመት አምኜዎታለሁ። ለምን?»

«ለምን ምን ያደርግልሻል?»

«ከርስዎ ጋር ልሠራ ከሆነ የማን ሠራተኛ እንደምሆን ልወቅ።»

ሳቀ። ሰው ሲሸነፍለት ማውራት እንደሚወድ ታውቃለች። ከደላሎቹ ጋር መሥራት ከጀመረ ሁለት ዓመት እንደሆነው ተናገረ። የደላሎቹ መኪና በየትኛው ኬላ እንደሚያልፍ የሚወስነው እሱ እንደሆነ። ዮዲ ከመሰከረች የመጀመሪያው ተከሳሽ ደላላ የእሱን ስም እንደሚጠራ።

«ስለዚህ አትመሰክርም» አለ። «ሰዎቹ ይወስዷታል። አንቺ ምንም አላየሽም። ፎቶው እኔ ጋ ይቀመጣል።»

ለስድስት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ።

ከመጋረጃው ጀርባ ዮዲ አሳለች።

ለገሠ ቀና አለ።

«እኔ ነኝ» አሉ ናፊያ፣ አከታትለውም አሳሉ። «ሳል አለብኝ። ለዚህ አይደል የምቆጠረው?»

«እትዬ፣ ሽማግሌ አይቀልድም» ብሎ ተነሳ። ሩት መንገዱ ላይ ቆመች። ገፈተራት። ምሰሶው ትከሻዋን መታት፣ ወደቀች፣ ከወደቀችበት እግሩን ያዘች። ሽጉጡን አወጣ። ሩት ዓይኗን ከናፊያ ሻርፕ ላይ አላነሳችም።

አረንጓዴ መብራት። አንድ ጊዜ። ሁለት። ሦስት።

«ስድስት ሰዓት ሆነ ጋሼ» አለች።

«ምን?»

ናፊያ ሻርፓቸውን ገለጡ። ሩት ከወለሉ ሳትነሳ አስረዳችው። ስለ ኬላው ያለው፣ ስለ ምስክሯ ያለው፣ ሁሉም ሄዷል። ሁለት ሰዎች ይሰሙታል።

«የትኞቹ ሁለት?»

«አላውቅም። እነሱም አይተዋወቁም። ሥራው እንዲህ ነው። አሁን ቢተኩሱ የሚቀነስ ምስክር የለም፤ ጥይቱም ሳል ነው ብለው አይቆጥሩትም።»

ሽጉጡ እጁ ላይ ቆየ። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ሁሉን ሰምተዋል፤ የውጭው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ከዚያ የለገሠ ስልክ ጮኸ። የኪሩቤልን ስም አየ፣ አላነሳውም።

«አሁን ከዚያ ውረድ» አሉ ናፊያ። «የባሌ ቦታ ነው። ያንተ በሩ ጋ ነው።»

ሽጉጡን መደቡ ላይ ትቶ ወረደ። ከበሩ አጠገብ፣ ጫማዎቹ መሀል ተቀምጦ ሩት የጠራችው ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቀ። ሩት ታለቅስ ነበር። ለእሱ ይሁን ለራሷ አልታወቃትም።

በዘጠነኛው ቀን ከመሥሪያ ቤቷ መልእክት መጣ።

«አሥራ ዘጠኝ መስክራለች። ደህና ናት። የገበሬው ጉዳይ በዝግ ችሎት ይታያል፣ አይወራም። የሩት ፎቶ እንደወጣ ይቆያል። እንዝርት ሐረርን ትልቀቅ።»

ፎቶውን ኪሩቤል ከመያዙ በፊት በየስልኩ በትኖታል። መሥሪያ ቤቷ አላስተባበለም። ሌባ መረጃ ሰብሳቢ ለሁሉም የምትመች ታሪክ ናት። ሴቶቹ ሳል ቆጣሪዎቻቸውን በማዳበሪያ ሞልተው ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ደፉት። ዶክተር ኤልሳዕ የሦስት ዓመት ልፋቱን ጎንበስ ብሎ ከመሬት ሲለቅም ያዩ ነበሩ።

ረፋድ ላይ ሩት ሸዋ በር የቆመ የድሬዳዋ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ረጅም ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ያፍ መሸፈኛ። ረዳቱ «አንድ ሰው ቀረኝ!» ይላል።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አገልግል ይዛለች። መኪናው ሳይነሳ ወሬ ጀመረች።

«ሰማሽ ወይ እህቴ፣ የዚያችን የሩትን ጉድ? ወላሂ ገበናችንን ሸጠችው። እኔ እንኳ ስለ ባሌ ስንቱን አውርቻለሁ! ያመጣችብን ደግሞ ናፊያ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አለቃችን ነበረች። ዋስ ነኝ ብላ ነበር፣ አዋረደችን። አሁን አፎቻ ስትመጣ በሩ ጋ ነው የምትቀመጠው።»

ሩት ያፍ መሸፈኛዋን ከፍ አደረገች።

«ምንም አላሉም?» አለች። «ናፊያ?»

«ምን ትበል? ዝም ብላ ትቀመጣለች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።»

እውነቱን የሚያውቁ ሴት ናቸው። አንድ ቃል ቢናገሩ ቦታቸው ይመለስላቸዋል። የዮዲ ስም ግን አብሮ ይወጣል፤ እሷ በሕይወት እስካለች አይናገሩም። ሩት ከዚህ መኪና ወርዳ፣ ኤረር በር ድረስ ሮጣ፣ መቶ ሃያዎቹ ሴቶች ፊት ቆማ መጮህ አማራት። እጇ የበሩን መያዣ ነካ።

«ሞላ! ሳበው!» አለ ረዳቱ፣ በሩንም ከውጭ ዘጋው።

ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ። ሴትዮዋ አገልግሏን ጭኗ ላይ አስተካክላ ዞር አለች።

«ዝም አልሽ እኮ። ማን ልበል?»

«ገላነሽ» አለች።

«እንግዲህ ገላነሽ፣ ንገሪኝ። እንዲህ ያለችው ሰው ትባላለች?»

ግንቡ በመስኮቱ በኩል እያለፈ ነበር።

«አትባልም» አለች።