እጄ ነው የጻፈው

ቤካ ወደ ሕይወቴ የገባው በስህተት ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ከእኛ ብሎክ ጎን ባለው የነዋሪዎች የጋራ አዳራሽ፣ ኮሚናሉ ውስጥ፣ በአክስቱ ፋንታ የነዋሪዎች ስብሰባ ሊካፈል መጣ። ስብሰባው እሁድ ነበር፤ እሱ የመጣው ቅዳሜ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አዳራሹ የእኛ ነው፤ ጡረታ የወጡት መምህርት ታየች የሰፈሩን ወጣቶች ሰብስበው ያጽፉናል።

«ቁጭ በል» አሉት፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡት። «አንድ ትዝታ ያዝና ጻፍ። እጅህ እንዳይቆም። መሰረዝ የለም፣ ማሳመር የለም። ስንጨርስ እናነባለን።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ጻፈ። ልጅ እያለ አብነት ሰፈር ውስጥ የጎረቤት ዶሮ ሊይዝ ሲሮጥ ቦይ ውስጥ እንዴት እንደገባ አነበበልን፤ ሳቅ በሳቅ ሆንን። ቀና ሲል ዓይኑ ያረፈው እኔ ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ሳቄ አልቆም ብሎኝ አፌን በሻርፔ ጫፍ አፍኛለሁ።

«ስብሰባው ነገ ነው እኮ» አልኩት ስንወጣ።

«ነገም እመጣለሁ። አንቺ ትኖሪያለሽ?»

«እኔ የነዋሪዎች ስብሰባ ጠላቴ ነው።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ይሻለኛል።»

እንዲህ ጀመርን። ሰው ሁሉ ሰብሊ ሲለኝ እሱ ብቻ ሰብለወንጌል እያለ ስሜን ሳያሳጥር ይጠራኛል፤ በእሱ አፍ ስሜ ያምርብኝ ነበር።

ችግራችን ሃይማኖት ነበር። የቤካ ቤተሰቦች ጴንጤ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማትጠፋ ሴት ናት። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ደስ ይለኛል። ግን ሳይጠመቅ ሽማግሌ እንዳይልክብኝ» አለች። እናቴ አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች ነው። ለቤካ የነገርኩት እያፈርኩ ነበር። እሱ ሳቀ።

«እኔ ቸርች ውስጥ የምገባው ሰው ሲሞሸር ብቻ ነው። ምን ይቀርብኛል ብለሽ ነው?»

አመንኩት። ትምህርቱን ተማረ፤ አጎቴ ጋሼ ሀብተሥላሴ የክርስትና አባት ሊሆኑት ተስማሙ፤ ቀኑም ተቆረጠ።

ክርስትና ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው እንደ ልማዳችን ኮሚናሉ ውስጥ ተሰበሰብን። «ዛሬ ድምፅ ነው የምንጽፈው» አሉ መምህርት ታየች። «ዓይናችሁን ጨፍኑ። መጀመሪያ የሚመጣላችሁ ድምፅ የማን ነው? ተከተሉት፤ የትም ቢወስዳችሁ አትመለሱ።»

ቤካ ሲጽፍ ሁልጊዜ ለብቻው ይስቃል። ያን ቀን አልሳቀም። የራሴን ትቼ እሱን ማየት ያዝኩ። ከንፈሩን ነክሶ፣ ወረቀቱን ሊቀደው እስኪደርስ እስክሪብቶውን እየተጫነ ይጽፋል። ተራው ደርሶ ማንበብ ሲጀምር ድምፁ የእሱ አልመስል አለኝ።

«አባቴ ኳየር ውስጥ ይዘምር ነበር፣ በኦሮምኛ። ወፍራም ድምፅ ነበረው። ከጎኑ ስቆም ጆሮዬ ወገቡ ጋ ስለሚደርስ መዝሙሩን የምሰማው በኮቱ ውስጥ ነበር። ከሞተ በኋላ ቸርች መግባት ተውኩ። ሰው እምነቱ ቀዝቅዞ ነው ይላል። እኔ ግን እሱ ይቆምበት የነበረውን ቦታ ማየት አቅቶኝ ነው። አሁንም እሁድ እሁድ በሩ ድረስ እሄዳለሁ። ውጭ ቆሜ ሳዳምጥ ከሌሎቹ ድምፅ መካከል የእሱን አገኘዋለሁ። ከነገ በኋላ ግን እዚያ በር ላይ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው የጻፈበት ይመስል ወረቀቱ ላይ አፈጠጠ። መምህርት ታየች መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ወደ ታክሲ ተራው ስንሄድ መንገድ ላይ ጠየቅኩት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አላውቀውም ነበር፣ ሰብለወንጌል። እጄ ነው የጻፈው።»

«እሁድ እሁድ እየሄድክ እንዴት አታውቀውም?»

«መሄዴንማ አውቃለሁ። ለምን እንደምሄድ ግን…» ሳይጨርሰው ቀረ። «እርሺው በቃ። ነገ እመጣለሁ። ቃሌን አላጥፍም።»

እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ነጭ ለብሶ እየሳቀ ይመጣል፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያን በር የዘጋሁበት ሴት ሆኜ አብሬው እኖራለሁ።

«አትምጣ» አልኩት።

«ምን?»

«አምነህበት ቢሆን እሰየው ነበር። ለእኔ ብለህ ግን አትምጣ።»

እስከዚያች ቀን ማናችንም ያላነሳነውን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው።

«አንቺስ? ወደ እኔ ትመጪ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። ግን ልጅ ሆኜ በፍልሰታ ቆርቤ ስመለስ አፌን በነጠላዋ ሸፍና እጄን ይዛ የምትወስደኝ እናቴ ትዝ አለችኝ። የእጇ ሙቀት ሳይቀር መጣብኝ።

«አልመጣም» አልኩት። እንባዬ ቀደመኝ።

እንደገባው ራሱን ነቀነቀ። አልተቀየመኝም። እንዲያውም ፊቱ ላይ ሸክም ያወረደ ሰው እረፍት አየሁ፤ ያን ማየቴ ከሁሉም በላይ ጎዳኝ። ታክሲ ተራው ላይ እጄን አልለቅም አለ። የአብነቱ ታክሲ ሞልቶ ሄደ፤ ሌላ መጥቶ ሞላ፤ እሱም ሄደ። መሸት ሲል ግን መግባት ነበረበት።

ቤት ስደርስ እናቴ ለነገ እንግዶች ሽንኩርት እየከተፈች ታንጎራጉራለች። ለእሷ መናገር አቃተኝና መኝታ ቤት ገብቼ ጋሼ ሀብተሥላሴ ጋ ደወልኩ። ነገ መምጣት እንደማያስፈልጋቸው ነገርኳቸው።

«ምን ሆናችሁ፣ ልጄ? ተጣልታችሁ ከሆነ እኔ አለሁ። አሁኑኑ መጥቼ አስታርቃችኋለሁ።»

«አልተጣላንም ጋሼ» አልኳቸው። «ብንጣላማ እንታረቅ ነበር።»