የሰብለ ዓይን ልክ

ወዳጄ፣ እኔ ወረታ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ስንት ዘመኔ ነው፣ ተማሪ «ቲቸር፣ የሙት መንፈስ አለ?» ሲለኝ «ሚዛን ላይ አስቀምጠህ አሳየኝ» ብዬ ክፍሉን የማስቅ ሰው ነኝ፣ ይችን የምነግርህም እኔው ራሴ ገና ሳላምናት ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ የፎገራን ሜዳ ከላይ የሚያይ ኮረብታ አለ፣ ሰባት የምንሆን ሰዎች፣ አስተማሪም መካኒክም አለንበት፣ ማንም ሳይከፍለን ኮከብ ማያ አድርገን ይዘነዋል፣ ክብ የድንጋይ ካብ፣ አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ በልመና ያገኘናት አንዲት ቴሌስኮፕ፣ ሀብታችን ይኸው ነው። ከሁላችን አብልጣ ቦታውን የምትወደው ታናሽ እህቴ ሰብለ ነበረች። ዓይኗ ከሩቅ አያይም፣ መነጽሯ የጠርሙስ ቂጥ ያህል ነው፣ ቴሌስኮፗን ስታይ መነጽሯን ታወልቅና ማስተካከያዋን በራሷ ዓይን ልክ ታዞራታለች፣ ከእሷ ቀጥሎ የሚያየው ሰው ሁሉ ብዥ ይልበታል።

«ደግሞ አበላሸሻት!» እላታለሁ።

«ለእኔማ ጠርታለች ጋሼ፣ የተበላሸው ያንተ ዓይን ነው» ትለኛለች።

ነሐሴ ላይ ታመመች። ከአልጋዋ ሆና «አንዴ ብቻ ውሰደኝ» ስትለኝ፣ «ዳኚ ብቻ፣ ጥቅምት ላይ እንወጣለን» አልኳት። ጥቅምትን አላየችም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው፣ ክረምቱ ያፈረሰውን ካብ ልንክብ፣ አረሙን ልናጭድ ወጣን። ሲመሽ ሌሎቹ ወረዱ፣ እኔና መሪጌታ እሸቱ ቀረን፣ መሪጌታ በደብራችን ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ድንጋይ መካብ እንደሳቸው የሚያውቅበት የለም። ክረምቱን ተዘግታ የከረመችውን ቴሌስኮፕ ልፈትሽ ብዬ አወጣኋት። ጨረቃ የለም፣ ከታች ከሩዙ ማሳ እንቁራሪቱ ይንጫጫል፣ ሳተርንን አገኘኋት፣ ቀለበቷ ጥርት ብሎ ይታያል።

መወልወያ ጨርቅ ላመጣ ወደ ቆርቆሮ ቤቷ ገብቼ ስመለስ ብዥ ብላለች። ብርዱ ብረቱን አኮማትሮት ነው ብዬ አስተካከልኳት። ጨርቁን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ደግሜ ባይ፣ አሁንም ብዥ።

«መሪጌታ፣ ነክተዋት ነበር እንዴ?»

«ምኗን?»

«ቴሌስኮፗን።»

«እኔማ ከዚች ድንጋይ መች ተነሣሁ ልጄ።»

እንደገና አጠራኋትና የማስተካከያዋን ብሎን ጣቴን እስኪያመኝ አጠበቅሁት፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ ቆምኩ። ነፋስ የለም። «ቀጭ» አለ፣ እመነኝ፣ የመነጽር ማኅደር ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ነው። መሪጌታ ቀና አሉ።

«ምን ከፈትህ?»

«ምንም።»

ቀጥሎ ሰው ሲደነቅ ወደ ውስጥ የሚስበው ትንፋሽ፣ ከቴሌስኮፗ ዘንድ ተሰማ። መሪጌታ ተነሥተው አማተቡ፣ ዳዊታቸውን በከንፈራቸው ጀመሩ።

ቀርቤ ባይ ብዥ ብላለች፣ ማያ መስታወቷም በትንፋሽ ጉም ለብሷል። ጤዛ ነው በለኝ፣ እኔም ብያለሁ። ማስተካከያዋን ያዝኩ፣ ግን ላዞራት እጄ እምቢ አለኝ።

«እዪ» አልኩ ድምፄን አውጥቼ፣ «እዪ ሰብልዬ፣ አልቸኩልም።»

ካቡ ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ፣ ስንወርድም «ለእናትህ እንዳትነግራት» አሉኝ።

ነገርኳት፣ አልቻልኩማ። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልደነገጠችም፣ «በርዷት ነበር?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ እማ፣ አላየኋትም።»

«ታዲያ አትጠይቃትም ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ኮረብታው ላይ አልወጣሁም፣ ጓደኞቼ ሲጠሩኝ የማርመው ፈተና አለብኝ እላለሁ። እናቴ ግን ዓይኗ ደክሟል፣ ጉልበቷም አይደግፋትም፣ በመሸ ቁጥር ከውስጥ ሆና «ዛሬ ሰማዩ እንዴት ነው?» ትለኛለች፣ ይዤአት እንድወጣ ነው፣ ገብቶኛል። ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀና እላለሁ፣ ኮከቡ ከዳር እስከ ዳር ፈስሷል።

«ደመና ነው እማ» እላታለሁ።