የአባዶ ሰው እንዴት ነው?

«አልጋሽን እዚህ ጋ ታደርጊያለሽ! መስኮቱ በእኛ ብሎክ በኩል ስለሆነ ስትነቂ ታፏጪልኛለሽ!» ባዶው ቤት የሀይሚን ድምፅ መልሶ አስተጋባው። ሰምሃር ሳቀች።

ሉላ በሩ ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። የሀይሚ ጓደኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እሷ ነበረች። ሰምሃር ከአስመራ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ከእናቷ ጋር ሃያ ሁለት ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ተጠግተው ነው የሚኖሩት። ሀይሚ ግን ክፍል ውስጥ ከሰምሃር ጎን ተቀምጣለች፣ አንዱን የጆሮ ማዳመጫዋንም ለእሷ ሰጥታለች። ለሉላ የቀረላት ከሲኤምሲ ትምህርት ቤታቸው እስከ የካ አባዶ ያለው የታክሲ መንገድ ብቻ ነው። አሁን እሱም ሊሄድባት ነው። ግራውንድ ላይ ያለው ይህ የኪራይ ቤት መለቀቁን ለሀይሚ ያወራችው ደግሞ ራሷ ናት። ምነው አፏን በቆረጠው!

የሰምሃር እናት ወይዘሮ ማዕዛ ወደ በሩ መጡ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ነይ እስቲ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሀይሚ ልጄን ስለወደደች ሁሉንም ጥሩ ነው ትለኛለች። አንቺ እዚሁ ብሎክ ነሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። ሰዉ እንዴት ነው?»

«ማለት... ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው...»

«ውሃ ይለመዳል። የማይለመደው ፊት ነው። መጀመሪያ የተከራየንበት ግቢ፣ ሰላም ስንላቸው ዝም። ‹እነዚህ ደግሞ መቼ ነው የሚሄዱት?› ይላሉ እየሰማናቸው። ሦስት ወር ችለን ወጣን። አሁን ከቤቱ ይልቅ ጎረቤቱን ነው የማየው።»

ከውስጥ የሀይሚና የሰምሃር ሳቅ እንደገና ተሰማ።

«ሰዉ... እንግዳ ብዙም አይወድም» አለች ሉላ። «በፊት የነበሩትም በሰው አፍ ነው የወጡት።»

ውሸቷን ነው። የነበሩት ሰውዬ ሥራ ተዛውረው ነው የለቀቁት።

ወይዘሮ ማዕዛ አልተገረሙም። የሚያውቁትን ነገር እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ያሳድግሽ» ብለው ግንባሯን ሳሟት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ሲወጡ የሀይሚ ዓይን ቀልቷል።

«እነ ሰምሃር ጀሞ ሊገቡ ነው» አለች። «እዚያ ያገራቸው ሰው ስላለ ፊት የሚነሳን የለም ብለዋል እናቷ። በቃ፣ ሩቅ ስለሆነ ትምህርት ቤትም ትቀይራለች።»

«ውይ፣ ያሳዝናል።»

«ኧረ ባክሽ! ደስ እንዳለሽ ያስታውቅብሻል።»

ታክሲ ውስጥ ሀይሚ ከሉላ ጎን ተቀመጠች። ሁለቱንም ማዳመጫዎች ጆሮዋ ውስጥ ከትታ፣ እስኪወርዱ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ሄደች።

ብሎኩ ደጃፍ ላይ የባዶው ቤት ባለቤት እትዬ የሺአረግ ቢጫ ጀሪካን እየጎተቱ ነበር።

«ሉልዬ፣ እስቲ አግዢኝ፤ ወገቤ እምቢ አለ። ዛሬ ውሃችን መጥታለች። እነዚያ እንግዶች ሲገቡ ደረቅ ቤት እንዳይጠብቃቸው ብዬ።»

«እነሱ... ይመጣሉ እንዴ?»

«እናስብበት ብለው ሄዱ፣ ስልክም አልደወሉ። እኔ ቤይሩት ስድስት ዓመት ስኖር፣ ስታየኝ በሯን የማትዘጋ አንዲት ጎረቤት ነበረችኝ። እሷ ባትኖር አብጄ ነበር። እስቲ ይምጡ፤ እግዜር ያውቃል።»

ሉላ ጀሪካኑን አንጠልጥላ ወደ ባዶው ቤት ገባች። ወለሉ ታጥቦ የሳሙና ሽታ አለው። ሦስት ጀሪካኖች ሞልተው ተደርድረዋል። አራተኛውን አጠገባቸው አስቀመጠች። ወይዘሮ ማዕዛ የሳሟትን ግንባሯን በእጇ ጀርባ ጠረገችው።

ገና አሥር ሰዓት ነው። አሁን ብትነሳ ሃያ ሁለት ትደርሳለች፤ ግን የአክስትየውን ቤት አታውቀውም። የምታውቀው ሀይሚ ናት። ለሀይሚ ደግሞ ለምን ወደዚያ እንደሚሄዱ ሳይነግሯት አይሆንም።

ሉላ መስኮቱን ከፈተች። ሁለት ጣቶቿን አፏ ውስጥ ከትታ አፏጨች። አንዴ። እንደገና።

ከፊት ለፊቱ ብሎክ ሀይሚ ብቅ አለች፤ ፉጨቱ ከየት እንደመጣ ስታይ ፊቷ ተቀያየረ።

«አንቺ ነሽ እንዴ? እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ውረጂ፣ ሃያ ሁለት ትወስጂኛለሽ» አለች ሉላ። «መጀመሪያ ግን የምነግርሽ ነገር አለ።»

ሀይሚ አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ አወጣች።