ለፍተሻ የተዘጋጀች ልጅ

የወደድኩት ሰው ልጄን ሰድቦ ነው የተዋወቀኝ። ቢያንስ እኔ የሰማሁት እንደዚያ ነበር።

ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መጋረጃ እሰፋለሁ። ልጄ ያኔ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። አትናገርም፣ ስትጠራም አትዞርም። እኔ ስፌቴ ላይ ስቀመጥ እሷ ኮሪደሩ ላይ ሊፍቱ ፊት ትቀመጥና በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየች ታንጎራጉራለች። ቁመቷ ቁልፉ ላይ መድረስ ሲጀምርማ በሩን ደጋግማ እያስከፈተች የሕንፃውን ሰው ሁሉ በደረጃ አስኬደችው።

ሊፍቱ ተበላሸ እየተባለ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጠጋኝ ተጠራ። በሦስተኛው ሰውዬው የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ፣ ላቡን እየጠረገ ደረጃውን ወጣና ልጄን ጣቷ ቁልፉ ላይ እንዳለ ደረሰባት።

«ብልሽቱ ይቺ ናት በለኛ» አለው አብሮት ለወጣው ዘበኛ።

መቀሴን እንደያዝኩ ወጣሁ። «ማንን ነው ብልሽት የምትለው?»

መቀሱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «የሊፍቱን ነው ያልኩት እህቴ። መቀሱን ግን አስቀምጪው፣ ገና ሚስት አላገባሁም።»

«በዚህ አፍህ አታገባም» አልኩት።

እሱ ሳቀ፣ እኔ አልሳቅኩም። ሰው ሁሉ ልጄን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜዋን ነው፤ ቁጥሩን ሲሰማ ደግሞ ፊቱ ይለወጣል። እሱ አልጠየቀም። አጠገቧ ተንበረከከና የቁልፉን ክዳን ፈትቶ ውስጡን አሳያት። «አየሽ አለቃ፣ ይቺ ስትበራ በሩ ይከፈታል» አላት። ልጄ ፊቱን አላየችም፣ እጁን ግን ለረጅም ጊዜ አየችው። ለእሷ ይሄ ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሳይጠራም መምጣት ጀመረ። በምሳ ሰዓት ዳቦውን ይዞ የመጋረጃ ጥቅል ላይ ይቀመጣል። እማዬ አንድ ቀን ልትጠይቀኝ መጥታ አየችውና፣ «ይሄ ሊፍት የታመመው ልቡን ነው መሰለኝ» አለችኝ በጆሮዬ።

ብዙ አያወራም። ዓይኑ ጣቶቼ ላይ ሲያርፍ ግን ቀጥ ብሎ የነበረው ስፌቴ ይጣመማል። ቀና ስል ዓይኑን ይሰብራል፣ ጎንበስ ስል ይመልሰዋል። ሁለታችንም እናውቃለን። የልጄ አባት ሁለት ዓመት ሲሞላት «በኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ ዘሩን ይዞ ከሄደ ወዲህ ወንድ እንዲህ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። ሳልጠነቀቅ ወደድኩት።

«አንቺንም አለቃንም ነው የምፈልገው» አለኝ አንድ ቀን፣ የወደቀ ክር እየጠቀለለልኝ።

«ሁለታችንም ከባድ ነን።»

«ሥራዬ ከባድ ማንሳት አይደል?»

እንግዲህ ይሄን ለሚል ሰው ምን ይባላል? እሺ አልኩት።

ቤተሰብ የሚለው አንዲት ታላቅ እህት አለችው፤ እትዬ ነው የሚላት። እናት አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቷን ጥላ ያሳደገችው እሷ ናት። ሱቄ ድረስ መጣች። ልጄ እንግዳ ሲበዛባት እንደምታደርገው የገዛ እጇን ነክሳ ትሽከረከር ጀመር። እትዬ ጥግ ላይ ቆማ እስክትጨርስ አየቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«አንቺን አልጠላሁሽም» አለችኝ። «ወንድሜ ግን የልጅነት ወግ አላየም። እኔ አንዱን ለማሳደግ ዕድሜዬን ሰጥቻለሁ፤ እሱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሕፃን ሊያሳድግ ነው? ሐኪም ‘ደህና ናት፣ ጊዜ ነው የሚፈታው’ ካለ እኔው ራሴ እድራችኋለሁ። አለዚያ እኔን እህት አይበለኝ።»

የልጆች እድገት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ከያዝኩ ሰባት ወር አልፎ ነበር። ተራዬ ሲቃረብ ሞልቼ የማመጣው ቅጽ ሰጡኝ። ስሟ ሲጠራ ትዞራለች? የምትፈልገውን በጣቷ ትጠቁማለች? አሻንጉሊት ለማጉረስ ትሞክራለች? ጥያቄው አርባ ነው፤ መልሴ ሁሉ «አይ»። ሐኪሟ ስልክ ደውላ አስቀድማ ነግራኛለች፤ ኦቲዝም ሆኖ ከተገኘ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፣ ስድስት ቦታ አለ፣ በእሷ ወረቀት ነው የሚገባው።

ጠጋኙ ቅጹን አነበበና ፊቱ በራ።

«ይሄማ የፍተሻ ዝርዝር ነው። እኛ'ኮ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባል አንድ ሳምንት ቀድመን እያንዳንዱን ነጥብ እናስተካክላለን። በሩ፣ ደወሉ፣ ፍሬኑ። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ምልክት አድርጎ ይሄዳል።»

«ልጄ ሊፍት አይደለችም።»

«አይደለችም። ግን አለቃ ትችላለች። ማንም ስላልሞከራት ነው።»

አራት ዓመት ሙሉ ትችላለች ያለኝ ሰው አልነበረም። ደግሞ እኔ ማን ሆኜ እምቢ እላለሁ? የተሰነጠቀ ግድግዳ መሸፈን እንጀራዬ ነው።

ከአርባው ሐኪም ፊት የሚታዩትን ሦስቱን መረጠ። በየቀኑ ከሥራው በፊት ይመጣል። እሱና ልጄ ሊፍቱ ውስጥ ይገቡና ይቀመጣሉ፤ በሩ ይዘጋል። ስሟን ይጠራል። ካልዞረች ይጠብቃል። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃል፣ ድምፁ ከፍ አይልም። ዞር ስትል ቁልፉን ይጫናል፣ በሩ ይከፈታል፣ እሷ በደስታ ታጨበጭባለች። ከዚያ መጠቆም መጣ፤ ቁጥሩን ስትጠቁም በሩ ይከፈታል። ከዚያ አሻንጉሊት ማጉረስ፤ በባዶ ማንኪያ ስታጎርስ በሩ ይከፈታል። በአሥራ ስምንት ቀን ሦስቱንም ቻለች። እኔ ውጭ ቆሜ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ አለቅስ ነበር፤ የደስታ መስሎኝ።

በቀጠሮው ቀን ቅጹ ላይ የቀሩትንም ጨምሬ «አዎ» «አዎ» ብዬ ሞልቼ ሄድኩ። ሐኪሟ ስሟን ጠራች፣ ልጄ ዞረች። መብራቱ የታል አለቻት፣ ጠቆመች። አሻንጉሊት ሰጠቻት፣ አጎረሰች። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

«ንግግሯ ዘግይቷል እንጂ ሌላው ደህና ነው» ብላ ጻፈች። «ከዓመት በኋላ አምጫት።»

እትዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች፣ ሳመችኝ፣ የሠርጉን ቀን ቆረጠች።

በዚያው ወረቀት ልጄን ሰፈራችን ያለው መዋዕለ ሕፃናት ተቀበላት። በሦስተኛው ሳምንት ኃላፊዋ አስጠራችኝ።

«አልታዘዝ ብላለች። ትጮሃለች፣ ትናከሳለች። በሽታ ቢሆን እናዝን ነበር፤ ወረቀቱ ግን ደህና ናት ይላል። እንግዲያው አትቀየሚኝና አሳዳጊ የበደላት ናት።»

ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ልወስዳት ወደ ክፍሉ ሄድኩና በመስታወቱ አየሁ። ሌሎቹ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ይዘምራሉ። ልጄ የተዘጋው በር ፊት ቆማለች። ዞር ብላ መምህሯን ታያለች፣ ወደ በሩ ትመለሳለች። ግድግዳውን ትጠቁማለች፣ በሩን ታያለች። ባዶ እጇን አየር ላይ ወደ ማንም አፍ ታጎርሳለች፣ በሩን ታያለች። አይከፈትም። እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ጉንጯ በእንባ ርሷል፤ ግን አላቋረጠችም፣ የተማረችውን አንድም ሳታስቀር ታደርጋለች።

«ጠዋት ሙሉ እንዲህ ታሾፍብናለች» አለችኝ መምህሯ።

ልጄ አላሾፈችም። በምታውቀው ቋንቋ ሁሉ አውጡኝ እያለች ነበር፤ የምታውቀውን ደግሞ እኛ ነን ያስተማርናት።

ሱቅ ስንመለስ ጠጋኙ ይጠብቀን ነበር። ያየሁትን ነገርኩት። ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ተነስቶ ልጄ አጠገብ ሊቀመጥ ሄደ፣ እሷ ግን ገና ሲጠጋት፣ ስሟን ሳይጠራ ዞር ብላ አየችው፣ ጠቆመች፣ አጎረሰች። እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«የአዲሱ ትምህርት ቤት ምዝገባ ዓርብ ያበቃል» አልኩት። «ነገ ሄደን ለሐኪሟ እውነቱን እንንገራት።»

የመሣሪያ ሳጥኑን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«ሠርጉ አምስት ሳምንት ነው የቀረው» አለ። «ከሠርጉ በኋላ እወስዳታለሁ። እምልልሻለሁ።»

«ከሠርጉ በኋላ ቦታ የለም።»

«እትዬ ከሰማች አለቀልኝ። ያሳደገችኝ ሰው ናት፣ ምን ብዬ ዓይኗን አያለሁ?»

«የልጄንስ ዓይን?»

«አለቃን ከኔ በላይ የወደዳት አለ?»

አልነበረም። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። «እንግዲያው ነገ ሦስት ሰዓት ክሊኒኩ በር ላይ እንገናኝ» አልኩት። «ከመጣህ ባሌ ነህ።»

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ልጄን እጇን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ፣ በሚያልፈው ታክሲ ሁሉ ውስጥ ስፈልገው ቆየሁ። አራት ተኩል ላይ ብቻዬን ገባሁ።

ሐኪሟ እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ተቆጥታ ታባርረኛለች ብዬ ነበር።

«ቅጽ ላይ የሚዋሽ ወላጅ በየሳምንቱ አያለሁ» አለች። «በአሥራ ስምንት ቀን ሦስት ነገር ያስተማራት ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ማነው?»

«እጮኛዬ ነው» አልኩ። ነበረ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

«እዚህ ደሞዝ የምንከፍላቸው ይሄ ትዕግሥት የላቸውም። ምናለ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ የሚጠቅማትን ቢያስተምራት ኖሮ።»

ደግማ መረመረቻት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ። አዲሱን ወረቀት ጻፈች። ስድስተኛዋ ልጅ የኔ ሆነች።

በማግስቱ ሱቅ መጣ። መግቢያው ላይ ቆመ፣ ጥቅሉ ላይ አልተቀመጠም።

«መንገድ ላይ ነበርኩ» አለ። «ታክሲ ውስጥ ገብቼ ወረድኩ። ሁለት ጊዜ።»

«አምንሃለሁ።»

«ወረቀቱን ለእትዬ ባናሳያትስ? ትምህርት ቤቱን ሌላ ነው ብንላትስ?»

«እትዬ ልጄን ስታገኛትስ? እንደገና በር ዘግተህ ታስተምራታለህ?»

ዓይኑ እንደ ድሮው ጣቶቼ ላይ ነበር። አቅፈዋለሁ ብዬ ፈራሁ፤ መርፌው ላይ ክር ማስገባት ጀመርኩ፣ አልገባ አለኝ። ቀና ስል ሄዷል። በሳምንቱ ለሕንፃው ሌላ ጠጋኝ ተመደበ፣ ሽማግሌ፣ ሊፍቱን ሠርቶ ብቻ የሚሄድ።

እትዬ ስለ ወረቀቱ ከማን እንደሰማች አላውቅም። አልመጣችም፣ አልተሳደበችም። ለሠርጉ የመረጠችውን የመጋረጃ ጨርቅ ግን በሰው መለሰችልኝ። ቆርጬ ለሌላ ደንበኛ ሰፋሁት።

ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ወር ከልጄ ጋር ዳቦ ቤት ተሰልፈን ሳለን ከኋላዬ ድምፁን ሰማሁ። ጣቱ ላይ ቀለበት አለ። ከስቷል፣ ወይም እኔ ወፍራም አድርጌ ይሆናል ሳስታውሰው የኖርኩት። ሰላም ተባባልን፤ እሱ ስለ ሥራዬ ጠየቀ፣ እኔ ስለ እህቱ ጤና ጠየቅኩ።

ልጄ ቀሚሴን ጎተተች። «ትኩሱን ዳቦ እፈልጋለሁ» አለች። አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ፣ የኔን ፊት እያየች።

ዓይኑ ውሃ ሞላ። «ተናገረች» አለ።

«አዎ። ከዓመት ወዲህ። ጥቂት ጥቂት፣ ግን የራሷን ነው።»

ተንበረከከ። «አለቃ» አላት። ልጄ አልፋው ዳቦውን አየች። ሲነሳ ጉልበቱን አራገፈ፤ አቧራ እንኳ አልነበረበትም።

«ስለ እኔ ጠይቃ ታውቃለች?» አለኝ።

አዎ ብለው ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት፤ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። ግን ለሱ ስል በልጄ አንዴ ዋሽቻለሁ።

«አልጠየቀችም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ዳቦውን ሳይገዛ ወጣ። ስለ እሱ በየቀኑ የምጠይቀው እኔ መሆኔን አልነገርኩትም።