ውሃ ያልቀረበለት ፍተሻ

ሟቹ በፋብሪካው የምግብ ማብሰያ ክፍል፣ ከሦስቱ ትልልቅ ማይክሮዌቮች በመካከለኛው ፊት ለፊት ተዘርሯል። መለኪያው በእጁ ነው። የማሽኖቹ በር ጨረር እንዳያሾልክ በየወሩ እየመጣ የሚፈትሽ፣ ሠራተኛው «አቶ ጨረር» እያለ የሚቀልድበት ሰው ነበር።

መርማሪዋ ከደረሰች ጀምሮ የሰማችው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ «ጨረር ገደለው።» አለቃዋ እንኳ በስልክ፣ «ጨረር ነው ብለሽ ዝጊው፤ ስምንት መቶ ሰው ምሳ ይጠብቃል» አላት። ጨረር ያቃጥላል፤ የሟቹ ገላ ግን ደህና ነው። የተሰነጠቀው የራስ ቅሉ ነው።

«ራሱን ስቶ ሲወድቅ የጠረጴዛው ጠርዝ መታው» አለ የምግብ ክፍሉ ኃላፊ። «በመስኮት አየሁት። ማሽኑን አስነስቶ ግማሽ ሰዓት ሲለካ ቆየ። ድምፁ ሲቆም ብገባ ወድቋል፤ ወዲያው ጮህኩ።»

መርማሪዋ መካከለኛውን ማሽን ከፈተች። ውስጡ ባዶ ነው።

ወደ አብሳይዋ ዞረች። «እማማ፣ ሲፈትሽ አይተውት ያውቃሉ?»

«እንዴታ! መጀመሪያ ‹ውሃ ስጪኝ› ይለኛል። የጠማው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለማሽኑ ኖሯል። ዛሬ ግን አልጠየቀኝም።»

«እጅዎንስ ምን ነካው?»

አብሳይዋ ኃላፊውን ሰረቅ አድርጋ አየችና በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ሽርጧ ውስጥ ከተተች። «ዘይት ነው።»

መርማሪዋ ተነፈሰች። ዛሬ እውነት በጉጠት ነው የሚወጣው።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቃል በስልክ እንደደረሳት ኃላፊውን፣ አብሳይዋንና ማሽኖቹን የሚጠግነውን ቴክኒሻን ማሽኖቹ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ቴክኒሻን፣ ይህ ማሽን ባዶውን ግማሽ ሰዓት ቢሠራስ?»

«ይቃጠላላ! ለዚህ እኮ ነው ውሃ የሚገባበት።»

«ይኸው፣ የቃጠሎ ምልክት እንኳ የለውም። ስለዚህ ዛሬ ማንም አልለካበትም፤ መለኪያውን እጁ ላይ ያኖረው ሌላ ሰው ነው። አንተና እማማ ብትሆኑ ውሃውን አትረሱም ነበር። ሲለካ አየሁ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ከእሱ ጋር ምን ጠብ አለኝ?» ኃላፊው ጮኸ።

ቴክኒሻኑ አንገቱን ደፋ። «ሦስተኛው ማሽን በሩ ሳይዘጋ እንዲሠራ መቆለፊያውን በሽቦ አስሬዋለሁ። ምሳ ዘገየ ብሎ ያዘዘኝ እሱ ነው።»

አብሳይዋ እጇን አወጣች። «እኔንም ያቃጠለኝ እሱ ማሽን ነው። ኃላፊው ግን ‹ዘይት ነው በይ› አለኝ። ትናንት ለፈታሹ ነገርኩት። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!»

«እንግዲህ ዛሬ የመጣው ያንን ማሽን ሊያሽገው ነው» አለች መርማሪዋ።

ኃላፊው ግድግዳውን ተደገፈ። «ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም። ሲወድቅ የሞተ መሰለኝ።»

«አልሞተም ነበር። ሐኪሙ አንድ ሰዓት ያህል ተንፍሷል ይላል። ክሊኒኩ ደጃፋችሁ ላይ ነው። ያንን ሰዓት አንተ እሱን እየጎተትክ፣ እጁ ላይ ዕቃ እያስያዝክ ፈጀኸው።»

አብሳይዋ ሽርጧን ፈትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና፣ እንደ እናት ድምፅ አውጥታ ለሟቹ አለቀሰችለት።