አመድ ያልነካው ዶቃ

እማማ ዶቃ ሞተው የተገኙት ከሥራ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ግንባራቸው ክንዳቸው ላይ ዐርፏል፤ ሙጫ ጣቶቻቸው ላይ ደርቋል፤ ወረቀት የሚጠቀልሉበት ወስፌ ወለሉ ላይ ወድቋል። ያገኘቻቸው ምራታቸው ነች። ሆስፒታል በጽዳት ሥራ አድራ ማለዳ ስትመለስ፣ መስኮቱ ግጥም ብሎ ተዘግቶ፣ ከእግራቸው ሥር የከሰል ምድጃ ተቀምጦ አየች። ሰፈሩም ነገሩን ለመቋጨት ጊዜ አልፈጀበትም። «ከሰል ነው የገደላቸው» ተባለ።

ኢንስፔክተሯ አስከሬኑ ሳይነሳ ደረሰች። ሰው ሲናገር አንገቷን ሰበር አድርጋ ቃል በቃል ስለምትሰማ ባልደረቦቿ በቀልድ «ጆሮ» ይሏታል።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠሩ ክሮች ላይ የወረቀት ዶቃዎች ተሰድረዋል። ቀረብ ብላ ስታያቸው በሁሉም ላይ ሰማያዊ ቀለም ተጠምጥሟል፤ ግማሽ ፊደል፣ የተቆረጠ ቃል፣ የአንድ ሰው እጅ ጽሑፍ። በሩ ሥር የወንድ ጫማ አለ፤ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሯል፤ አሁን የገባ ሰው ያወለቀው ይመስላል።

«የማን ነው?»

«የባሌ» አለች ምራቲቱ። «ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። እማማ ግን በየቀኑ ይወለውሉታል። ዶቃውም ከደብተሮቹ ነው የተሠራው። ገጹን በቀጭኑ እንዲሾል ያስቆርጡታል፣ ወስፌ ላይ ይጠቀልሉታል፣ ሙጫ፣ ከዚያ ቫርኒሽ። ‹አይጥ ከሚበላው አንገቴ ላይ ይዋል› ይሉ ነበር።»

«አንቺስ ደስ ይልሽ ነበር?»

ምራቲቱ መልስ ከመስጠቷ በፊት ወደ ጫማው አየች። «ተጣልተንበታል። ለልጄ አንድ ደብተር እንኳ ይቅርላት ብዬ። ግን እንኳን ላጠፋቸው፣ ድምፄን ከፍ ያደረግሁበትም ይቆጨኛል።»

«ባልሽ እንዴት ሞተ?»

«በመኪና። ከአጎቱ ጋር ነበሩ። መንገድ ዳር የቆመች ሴት ገጭተው ገደል ገቡ። አጎቱ ተረፉ፤ ሲነዳ የነበረው ባሌ ነው ተባለ። ልጄን ትምህርት ቤት የነፍሰ ገዳይ ልጅ ይሏታል። እኔም ገበያ ስወጣ አንገቴን ደፍቼ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ክሮቹን አንድ በአንድ ተመለከተች። በሩ አጠገብ ባለው ክር ላይ ካሉት ዶቃዎች አንዱ ግራጫ የሱፍ ብጣሽ ይዟል። በጥፍሯ ልታነሳው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ብጣሹ በደረቀው ቫርኒሽ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ተንበርክካ ምድጃው የተቀመጠበትን የፕላስቲክ ምንጣፍ ዳሰሰች፤ ስትወጣም ክፍሉን አሸገችው።

ጎረቤቲቱ ለእማማ ዶቃ ወረቀት ስትቆርጥላቸው የኖረች ስለሆነች «ባለመቀሷ» ይሏታል። ከግድግዳው ማዶ ነው የምትኖረው። ምራቲቱ ማታ ስትሠራ ትንሿ ልጅ የምታድረው እሷ ዘንድ ነው።

«ከእሳቸው ጋር ተጣልተሽ ታውቂያለሽ?»

«ስንቴ! እንሽጠው እላለሁ፣ ልጄን አልሸጥም ይላሉ። እኔ ግን መቀስ እንጂ ቂም አልይዝም።»

«ትናንት?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻውን መስመር ቫርኒሽ ቀብተን፣ እርጥቡን ሰቅለን ተለያየን። እስኪነጋ አይነካም። እንኳን ከሰል ሻማም አይበራበት፤ ብናኝ ካረፈበት ዶቃው ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ይመስላል። ምድጃውማ ሁልጊዜ ማድ ቤት ነው። ምን ነክቷቸው እንዳስገቡት እንጃ።»

«ከዚያ ወዲያ የሰማሽው ነገር አለ?»

ባለመቀሷ ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበች። «ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ሰማሁ። ሲመሽ ያወሩታል፤ ለምደነዋል። ይናገራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። ያንን ዝምታቸውን ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፤ የሚመልስላቸው ሰው ያለ ነው የሚመስለው።»

«ምን አሉት? ቃሉን ሳትቀንሺ ሳትጨምሪ።»

«‹ስሙን መልስለት ነው የምልህ› አሉ። ደጋግመው። ከዚያ ጸጥ አለ።»

ኢንስፔክተሯ አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆየች። «እንደዚሁ? መልስለት?»

«እንደዚሁ።»

ከአደጋው የተረፈው አጎት፣ የእማማ ዶቃ ታናሽ ወንድም፣ ሾፌር ነው። ኢንስፔክተሯ ያገኘችው ጋራዥ ነበር፤ ከመኪና ሥር ወጥቶ ሲቆም ጣሪያውን ሊነካ ደረሰ። ግራጫ ሹራቡ ትከሻው ላይ ተመዝዟል። ዓይኖቹ እንቅልፍ አያውቁም።

«ብርድ አትችልም ነበር እትዬ» አለ። «ስትሠራ ከሰሉን አስገብታው ነው። ምን ይደረጋል።»

«ቤታቸው መቼ ሄደው ነበር?»

«ልጁ ከሞተ ወዲህ እዚያ ክፍል እግሬን አላስገባሁም። አልችልም። ግድግዳው ሁሉ እሱን እሱን ይላል።»

«እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል መሰለኝ።»

«ድሮ ነው እምቢ ያለኝ» አለና መፍቻውን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ከጠራ በኋላም አላቆመም።

ከቀብሩ ማግስት ሦስቱንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሾፌሩ ደጃፉ ላይ አመነታ፤ ጫማውን እንዳይረግጥ ዙሪያውን ዞሮ ገባ።

«እማማ ዶቃን ከሰል አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች። «ዶቃዎቹን እዩ። ሲሰቀሉ እርጥብ ነበሩ። ከሥራቸው ከሰል ሲጨስ ቢያድር ኖሮ አመድ ያረፈበት አንድ ዶቃ አይጠፋም ነበር። ሁሉም እንደ መስታወት ጠርተዋል። ምንጣፉም ፕላስቲክ ነው፤ የጋለ ምድጃ ቢቀመጥበት ይቀልጥ ነበር። ምድጃው የገባው በርዶ ነው። ሐኪሙም መርምሮ፣ ደማቸው ውስጥ የከሰል ጢስ የለም፤ አፋቸው ታፍኖ ነው ብሎኛል።»

ባለመቀሷ አፏን በእጇ ከደነች።

«ታዲያ ምድጃውን ማን አመጣው? እናንተ ሁለታችሁ የዚህን ክፍል ሥራ ታውቃላችሁ። እርጥብ ዶቃ ባለበት ከሰል እንደማይገባ እያወቃችሁ፣ ራሳችሁ ከሰል አስገብታችሁ ሰው ያምነናል ብላችሁ አታስቡም። ያመጣው ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው።

«ቀጥሎ ድምፁ። ጎረቤታቸው ከሙት ልጃቸው ጋር የሚያወሩ መስሏት ነበር። ነገር ግን ‹ስሙን መልስለት› ነው ያሉት። ልጃቸውን እያናገሩ ቢሆን ለማን መልስለት ይሉታል? ስሙ የጠፋውና የሚመለስለት ልጃቸው ነው። የሚናገሩት ለሌላ ነው። ‹የምልህ› ብለዋል፤ ወንድ ነው። ያ ዝምታም ሰው የሚመልስበት ዝምታ ነበር።»

ምራቲቱ ቀስ ብላ ወደ ሾፌሩ ዞረች።

«እናንተ ሴቶቹ ከዚህ ክር ሥር ሳትጎነብሱ ታልፋላችሁ። ረጅም ሰው ግን ጎንበስ ቢልም ትከሻው ይነካዋል። ሲነካው ቫርኒሹ እርጥብ ነበር፤ ከሹራቡ ብጣሽ ሱፍ አስቀረ፤ ሲነጋ አብሮ ደረቀ። ክፍሉን ያሸግሁት ሬሳው በተገኘ ጊዜ ነው። ጋሼ፣ እግሬን አላስገባሁም ባሉበት ክፍል የእርስዎ ሱፍ ምን ይሠራል?»

ሾፌሩ እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ፤ የተመዘዘውን ነካ። ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ።

«ይቅር ትለኛለች ብዬ ነው የመጣሁት» አለ። «ያን ቀን ሲነዳ የነበረው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ገደሉ ውስጥ ነፍሱ እንደወጣች አየሁና ጎትቼ መሪው ኋላ አስቀመጥሁት። የሞተ ምን ይሆናል ብዬ። ከዚያ ወዲህ መኪና ባስነሳሁ ቁጥር አጠገቤ ይቀመጣል። ሲከብደኝ ለእትዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። ስሙን መልስለት አለችኝ። ነገ አልኳት። አሁን ብላ ሰው ልትጠራ አፏን ከፈተች። ድምጿን ላቆም ብቻ ነበር አፏን የያዝሁት። ስለቃት…»



 ምራቲቱ ኢንስፔክተሯን «ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ጋሼን አይውሰዷቸው» አለቻት። «የነፍሰ ገዳይ ልጅ መባሏን የሰማችው ከሰው አፍ ነው። ይሄንንም ከእሳቸው አፍ ትስማ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ግቢው አወጣቻቸውና ጠበቀች። ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳዘለች መጣች፤ የቆሙትን ሰዎች አይታ የእናቷን እጅ ያዘች።

ሾፌሩ ሊያያት አልቻለም። «አባትሽ አልነበረም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ሴትዮዋን የገጨሁት እኔ ነኝ። አባትሽ አጠገቤ ነበር። በእሱ ያሳበብሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየች፤ እናቷ ራሷን ነቀነቀችላት። 

«አያቴ ይሄንን ሳትሰማ ነው የሞተችው?»

ኢንስፔክተሯ በዚያ ሁሉ ምርመራ ያልጠየቀችው ጥያቄ ነበር። 

«ሰምታለች» አለ። «መጀመሪያ የሰማችው እሷ ነች።»